ሸጊቱ ያዳላችበት ክረምት

ሐምሌ 3፣ መርሳ

አምስቱም ወደቁ። ለመድኃኒት እንኳን የሚሆን አንድ አላለፈም።

ዛሬ ወልድያ የመንጃ ፈቃድ የተግባር ፈተና ነበር። ያሠለጠንኳቸው አምስት ሰዎች ተራ በተራ ወደ ፈታኞቹ መኪና ገቡ። ተነሡ፣ ማርሽ ቀየሩ፣ ዞሩ፣ ሁሉም ነገር ሸጋ ነበር። ከዚያ ፈታኙ በድንገት «ቁም!» ሲላቸው አምስቱም ፍሬን ረግጠው፣ አምስቱም ወደ ቀኝ ታጥፈው፣ ዳር የቆመውን በርሜል ገጩት። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ በርሜሉ በርሜል መምሰሉን ትቶ ነበር። ፈታኙ ወርዶ «መርሳ ውስጥ ሰው ሲቆም ወደ ቦይ ነው እንዴ የሚገባው?» አለኝ። የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የማሠልጠኛው ባለቤት አቶ ተስፋዬ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ሙሐመድዘይን፣ የሚቀጥለውም ዙር እንዲህ ከሆነ የመርሳውን ቅርንጫፍ እዘጋዋለሁ። መኪናዋን ወደዚህ አመጣታለሁ። አንተ ቢሮ ተቀምጠህ ፎቶ ኮፒ ታነሳለህ» አሉኝ።

ፎቶ ኮፒ! ሰው መሪ ሳስይዝ የኖርኩትን ሰውዬ!

ጥፋቱ የፍርሃት ነው። የሰው መኪና፣ የሰው አገር፣ የፈታኝ ፊት። በሸጊቱ ሲሆን እኮ (እስከ አምና የሚፈተኑት በእሷ ነበር) አንዳቸውም በርሜል አይነኩም። ሸጊቱ የማሠልጠኛችን መኪና ናት፤ ነጭ፣ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተለጠፈባት፣ አሮጌ ግን ጨዋ። እኔ ጋቢና በቀኝ በኩል እቀመጣለሁ፤ በእግሬ ሥር የራሴ ፍሬን አለኝ። ለተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው አንድ ሕግ አለ፦ «ፍሬን በኃይል ስትይዝ መሪውን ጥቂት ወደ እኔ ሳብ።» ይህን ከማንም አልተማርኩትም። ከሸጊቱ ጋር ስኖር በራሴ የደረስኩበት ጥበብ ነው። ብዙ አሠልጣኝ አያውቀውም።

ሐምሌ 5

አቶ ተስፋዬ ደወሉ። «አሰብክበት?»

«ምኑን?»

«በርሜሉን!»

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው እላለሁ።

ሐምሌ 8

አዲሱ ዙር ተጀመረ። ሦስት ሰው ብቻ ነው የተመዘገበው፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ መርሳ ገብቷል።

አንደኛ፣ ኤርሚያስ። ጤና ጣቢያ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ንጹሕ፣ ትሑት፣ ካልሲውን በቀን ሁለት ጊዜ የሚቀይር። «ጋሽ ዘይኑ» ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ሐጂ አብዱልሐሊም። ሽበታቸው ያማረ፣ ዕድሜያቸውን በበሬ ሲያርሱ የኖሩ አባት። ልጆቻቸው መኪና ልከውላቸው ግቢያቸው ውስጥ ቆማለች። «መኪናዋ እኔን ታየኛለች፣ እኔ እሷን አያታለሁ፤ እስከ መቼ?» አሉ።

ሦስተኛ ማን ልትሆን? ረሂማ፣ የእናቴ ልጅ፣ ታላቅ እህቴ! ግራና የምትባል ከተማ ነው የምትኖረው፤ ሽንኩርት ታለማለች። ባሏ ኑርሁሴን ዓይኑን ግርዶሽ ከጋረደው ወዲህ ፒካፗ ግቢ ቆማ ዶሮ ይተኛባታል። የቀጠረችው ሾፌር ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ስልክ ያጠፋል። አምና ሽንኩርቷ በጆንያ እንዳለ ሜዳ ላይ በሰበሰ።

«እትዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት።

«ወላሂ ዘይኔ፣ የመስከረሙ ሽንኩርቴ ሲበሰብስ ዘንድሮ ቆሜ አላይም። ወንድሜ አሠልጣኝ ሆኖ እኔ ሾፌር ልለምን?» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። በዚህ ፈተና ካላለፈች ሽንኩርቱ አይጠብቃትም። የእኔ ቅርንጫፍ፣ የእህቴ ሽንኩርት፣ ሁለቱም ፈታኙ «ቁም!» በሚላት ቅጽበት ላይ ተንጠልጥለዋል። ሦስቱንም ሕጉን አስተማርኳቸው። ወደ እኔ ሳብ።

ሐምሌ 11

ዝናብ። ጭቃ። ረሂማ ፍሬን ነው ብላ ፍሪሲዮን ረገጠች። የሰው አጥር። አጥሩ ደህና ነው። ሰውየው ደህና አይደለም፣ ይሳደባል። ግራ ትከሻዬን አመመኝ።

ሐምሌ 17

ግራ ትከሻዬ አልተሻለውም። ኤርሚያስ ነካ ነካ አድርጎ አየኝና «ጋሽ ዘይኑ፣ ይሄ የብርድ አይደለም። በዚህ እጅዎ ቀኑን ሙሉ የሚስቡት ነገር አለ?» አለኝ።

«ምን እስባለሁ? ተቀምጬ ነው የምውለው» አልኩት።

ከሰዓት ልብስ ሰፊው ጋ ኮት ልለካ ሄድኩ። ሜትሩን ሁለት ጊዜ አዞረና «የግራ ክንድህ ከቀኙ ወፍሯል፤ ግራኝ ነህ?» አለኝ። አይደለሁም። ሜትሩ ያረጀ መሆን አለበት።

ማታ ባለቤቴ ሉብና ትከሻዬን በቅባት እያሸች «ሌሊት ብርድ ልብሱንም ወደ ራስህ ትስባለህ፤ እኔ ራቁቴን ነው የማድረው» አለች። ሰው ሲያመው ሁሉም ሰው ክስ ያመጣል።

ሐምሌ 22

ዛሬ የሕጌን እውነተኛነት ያረጋገጠ ነገር ተፈጠረ። ልጽፈው ይገባል።

ኤርሚያስ በዋናው መንገድ ላይ እየነዳ ነበር። ፊት ለፊታችን ፍየል ገባች። ፍሬን ረገጠ፤ በድንጋጤ ግን መሪውን ወደ እኔ መሳብ ረሳ። ሸጊቱ በግራ በኩል ተወርውራ ከፊት የሚመጣ ባጃጅ አፍንጫ ላይ ልትገባ ትንሽ ነበር የቀራት። እኔ በግራ እጄ መሪውን ስቤ አዳንኩት። ባጃጁ ላይ የነበሩት ሴትዮ እስካሁን ይረግሙናል።

«አየህ!» አልኩት። «ሕጌን ስትተው የሚሆነውን አየህ? ሳብ ብዬህ ነበር!»

ልጁ ላቡን ጠረገና በቀስታ «ጋሽ ዘይኑ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መኪናዋ ራሷ ወደ ግራ የምትጎትት አይመስልዎትም?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ሸጊቱ አትጎትትም። ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው፤ በየቀኑ አያታለሁ፤ መሪውን በትክክል ለያዘላት ሰው ቀጥ ትላለች። መንገዱ ነው ያጋደለው። ይህን በትዕግሥት አስረዳሁት። ረሂማ ከኋላ ሆና «ታዲያ ስንመለስ መንገዱ በሌላ በኩል መጋደል አልነበረበትም?» አለች። ሴትየዋ ሽንኩርት እንጂ መንገድ አታውቅም።

ሐምሌ 27

ምሳ ቤት ገብቼ ከጀርባዬ ሁለት ሾፌሮች ሲያወሩ ሰማሁ።

«የሙሐመድዘይንን ተማሪ ከሩቅ ትለየዋለህ።»

«እንዴት?»

«ሲቆም የሆነ ሰው በቀኝ ጆሮው የጎተተው ይመስላል።»

ሽሮዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ምቀኞች ናቸው። አንደኛው ደግሞ መንጃ ፈቃድ ያወጣው በእኔ እጅ ነው፤ እንዴት አፉን ሞልቶ ያወራል?

ሐምሌ 30

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ሐጂ አብዱልሐሊም በሲሪንቃ መንገድ እየነዱ ነበር። ሸጋ አድርገው። እኔ ግራ ትከሻዬን በቀኝ እጄ ይዤ እያሸሁ ነበር። ድንገት አህያ ከነጭነቷ መንገድ ገባች። ሐጂ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጡና፣ አላህ ይስጣቸው፣ ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ያ ረቢ!» አሉ።

መሪውን ማንም አልያዘውም። እሳቸው ሰማይ፣ እኔ ትከሻዬ ላይ። ሸጊቱ ብቻዋን፣ ማንም ሳይነካት፣ መንገዱን ወደ ግራ አቋርጣ በቆሎ ማሳ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆመች።

አህያዋ ዞር ብላ አየችን።

«ልጄ፣» አሉኝ ሐጂ፣ «ይቺ መኪና ታዳላለች።»

«መንገዱ...» ብዬ ጀመርኩ።

«መንገዱ እዚያ ነው ያለው» አሉ በጣታቸው ወደ ኋላ እያሳዩኝ። «እኛ በቆሎ ውስጥ ነን።»

እሺ። ትጎትታለች። ይኸው ጻፍኩት። ግን አዲስ ብልሽት ነው፤ ምናልባት ከዚህ ሳምንት ወዲህ የመጣ። ነገ ለመካኒኩ ለሙባረክ እወስዳታለሁ።

ነሐሴ 1

ሙባረክ መርሳ ውስጥ ትልቁ መካኒክ ነው፤ ራሱ ነው እንደዚያ የሚለው። ሸጊቱን ዞሮ እንኳን ሳያያት «ወደ የት ነው የምትጎትተው?» አለ።

«ወደ ግራ።»

«እንግዲያው ሕመሟ ግራዋ ነው። ሰው ወደሚያመው ጎኑ አይደል የሚያነክሰው?»

ይህ በጣም ትክክል መሰለኝ። እንዲያውም እኔም ልለው ነበር። የግራውን የፍሬን ሸራ በአዲስ ቀየረው። የግራውን ጎማ ቀየረው። የግራውን ዲስክ አጸዳው። ቀኙን እንዲያይልኝ ስጠይቀው «ያልታመመ ሰው ሐኪም ቤት ትወስዳለህ?» አለኝ። አልወስድም። አመስግኜው ወጣሁ።

ነሐሴ 2

የከፋ ሆነ!!

ረሂማ ፍሬን ያዘች፤ ሸጊቱ ተሽከርክራ ወደመጣችበት ዞረች። መርሳን ለቀን ስንወጣ ነበር፤ ስንቆም ፊታችን መርሳ ነው። ረሂማ «ቤት ረሳሁ የምትለው ነገር አለህ?» አለችኝ።

ሙባረክ ጋ ሄድኩ። «አዲሱ ሸራ በደንብ ስለሚይዝ ነው፤ ትንሽ ይልመድ» አለ። ቀኙን አላየውም። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁትም። ምን ነክቶኝ ነው?

ፈተናው ነሐሴ 21 ነው። አቶ ተስፋዬ ትናንት ደውለው ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አዲስ ቀለም እንደተሞላለት ነገሩኝ።

ነሐሴ 5

የሚያስቅም የሚያናድድም ቀን። ረጅም ይሆናል።

ጠዋት ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ድንገተኛ ፍሬን ስንለማመድ ቆየን። መያዝ፣ መሳብ፣ መያዝ፣ መሳብ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ሸጊቱን አንድ መጋዘን ጥላ ሥር አስጠግተን ወረድን። የኤርሚያስ ካልሲ ርሶ ነበር። ልጁ ፍልሰታን እየጾመ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ነገር ስለማይቀምስ ብርድ ሲነካው ይብስበታል። ካልሲዎቹን አውልቆ፣ ጨምቆ፣ ከመኪና ሙቀት ይደርቁ እንደሆነ ብሎ አንዱን በግራው የፊት ጎማ ቸርኬ ላይ፣ አንዱን በቀኙ ላይ ሰቀላቸው። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር በማሠልጠኛ መኪና ላይ እንደማይደረግ ልነግረው አፌን ስከፍት ሐጂ «ተወው፣ ጾመኛ ነው» አሉኝ። ተውኩት።

ጥቂት ቆይቶ የጨርቅ ጠረን ሸተተን። ኤርሚያስ ሮጦ ሄደ። የግራ ጎማው ካልሲ ደርቆ፣ ጫፉ ጠቁሮ፣ እንደ ቆሎ ሊቆላ ምንም አልቀረውም። የቀኙ ካልሲ እንደሰቀለው ነው፤ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

«ምን ጉድ ነው?» አለ ኤርሚያስ፣ በባዶ እግሩ በሁለቱ ካልሲዎች መሃል ቆሞ።

ረሂማ እጇን ወደ ግራው ጎማ አስጠጋች። «ውይ! ምጣድ ነው!» ብላ መልሳ ሰበሰበችው። ቀኙን ነካችው። «ይሄ ደግሞ በረዶ።»

ሁላችንም ጎማ እናያለን። መጀመሪያ የተናገሩት ሐጂ ናቸው፦ «የሚደነብር በሬ ስናመጣ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ በገመድ ይይዘዋል። የቀኙ ሰውዬ ገመዱን ከለቀቀ በሬው ወዴት ነው የሚዞረው?»

«ወደ ግራው» አለች ረሂማ። «ወደያዘው።»

«ስለዚህ ግራው አልታመመም» አለ ኤርሚያስ። «ግራው እየሠራ ነው። ብቻውን። ቀኙ ነው ምንም የማይዘው።»

እኔም በዚህ ጊዜ «ልክ ናችሁ፤ ይህን ልነግራችሁ ነበር» አልኩ። ሦስቱም አዩኝ።

ሙባረክ ጋ ሄድን። ቀኙን ፈትቶ ካልተመለከተ ከዚያ እንደማልንቀሳቀስ ነገርኩት። እያጉረመረመ ፈታው። ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ዝጎ ከቦታው ተጣብቋል። ሸራው ሳይነካ ነው የኖረው። ሙባረክ ለረጅም ጊዜ አየውና «ይሄ ዛሬ የዛገ አይደለም። ዓመታት ሆኖታል» አለ።

ዓመታት። አዲስ ብልሽት አይደለም ማለት ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቀጥ ብላ ትቆማለች እል ነበር። ቀጥ ያደረግኋት እኔ ነበርኩ፣ በግራ ትከሻዬ።

ይህን ለሉብና አልነገርኳትም። ኮቱንም ልብስ ሰፊው እንዳለው ይስፋው።

ነሐሴ 7

ሸጊቱ ዳነች! ሙባረክ ፒስተኑን ቀየረ፤ የቀኙን ሸራም እንደ ግራው አዲስ አደረገው። ሐጂን «እጅዎን ያንሡና ፍሬን ይያዙ» አልኳቸው። አነሡ። ያዙ። ሸጊቱ እንደ ክር ቀጥ ብላ ቆመች። አልሐምዱሊላህ! ሐጂን አቅፌ ሳምኳቸው።

ከዚያ «አሁን እንደ ወትሮው፣ በእጅዎ ይዘው» አልኳቸው።

ወደ ቀኝ ታጥፈው ቦይ ገቡ።

ኤርሚያስን አስነዳሁት። ቦይ። ረሂማን አስነዳኋት። ቦይ፤ ያውም እስከ በሩ። «አንተ ነህ ሳቢ ያልከኝ!» ብላ ጮኸችብኝ።

መኪናዋን አዳንናት፤ አሁን የታመሙት ሰዎቹ ናቸው። እኔ አልሞከርኩም። ምን አስፈለገኝ? አሠልጣኝ ነኝ።

ነሐሴ 8

ተማሪዎቼን ሰብስቤ ነገርኳቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ፍሬን ስትይዙ መሪውን ወደ እኔ አትሳቡ።»

«ሕጉስ?» አለ ኤርሚያስ።

«ተሽሯል።»

«ማን ሻረው?»

«ከላይ የመጣ መመሪያ ነው» አልኩ።

ረሂማ አፏን በሻሽዋ ሸፈነች። ዋሽቼ ነው። እህቴ መሆኗ ነው መጥፎው ነገር፤ ስዋሽ ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ታውቅብኛለች።

ከሰዓት ገበያ ውስጥ ስሄድ አንድ ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ ድንገት ቆመ፤ ወደ ቀኝ ተሰብሮ ነጋዴዋ የዘረጋችው ሎሚ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ሾፌሩን አወቅሁት። የእኔ ነው። በመስኮት ወጥቶ «አሠልጣኝ! ሰላም ነህ?» አለኝ። ሰላም ነኝ አልኩት። ሐብሩ ወረዳን ሙሉ እንዲህ የሚቆሙ ስንት ሰዎች ዘርቻለሁ? አላህ ይቅር ይበለኝ። የመንገዱ ዳር ሁሉ የኔ ጥፋት መሰለኝ፤ ስለ ሎሚዋ ሴትዮ አፈርኩ።

ነሐሴ 11

አይለቃቸውም። በአፋቸው «አልስብም፣ አልስብም» ይላሉ፤ እጃቸው ይስባል። ኤርሚያስ የአንጎል ጉዳይ ነው ብሎ ግማሽ ሰዓት አስረዳን፤ ከዚያ ገብቶ ቦይ ውስጥ ገባ። አቶ ተስፋዬ ደወሉ። አላነሣሁም። ኔትወርክ።

ነሐሴ 13

ረሂማ ዛሬ ከግራና ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት ተሸክማ መጣች።

«ለወጥ?» አልኳት።

«ለብብት።»

በሁለቱም ብብቷ አንድ አንድ ሽንኩርት ሸጉጣ ይዛ መሪ ጨበጠች። «እጄ መሪውን ለመሳብ ሲነሣ ክርኔ ይከፈታል፤ ክርኔ ሲከፈት ሽንኩርቱ ይወድቃል። ሽንኩርቴን ደግሞ አልጥልም፤ ልፌበታለሁ» አለች። ተነሣች። ፍሬን ያዘች። አንዱ ወደቀ፤ ወደ ቀኝ ዞረች፤ ግን ቦይ አልደረሰችም። ደግማ ሞከረች። ዳር ላይ ቆመች። ደግማ። ቀጥ!

ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብስበው «አምጪ፣ ለኔ ትላልቁን» አሉ። ኤርሚያስ የጤና ባለሙያ ስለሆነ መጀመሪያ ሽንኩርቱን አጠበው። ሜዳው ላይ ፍየል የሚጠብቁ ሰዎች ሥራ ፈትተው ይመለከቱናል። እኔ በክብር ጋቢና ተቀምጬ የወደቀ እለቅማለሁ።

ነሐሴ 16

ሽንኩርት። ሽንኩርት። ዓይኔ ያለቅሳል። የወደቀው እየቀነሰ ነው። ሉብና ኮቴን አሽትታ «ሥራህ ምን ነበር?» አለችኝ።

ነሐሴ 20

ነገ ነው። ዛሬ ያለ ሽንኩርት ሞከርን። ኤርሚያስ ቀጥ። ሐጂ ቀጥ። ረሂማ አንዴ ቀጥ፣ አንዴ ቦይ፣ አንዴ ቀጥ። ፊቷ ጠቁሮ ወረደች። «ዘይኔ፣ ባላልፍስ?» አለች። እህቴ ስትፈራ አይቼ አላውቅም፤ እናታችን ስትሞት እንኳን ቀብሩን ያስተባበረች እሷ ናት። እኔ አይደለሁም ወይ እጇን ያበላሸሁት? «ታልፊያለሽ» አልኳት።

ነሐሴ 21፣ ከወልድያ ተመልሼ

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ በቅደም ተከተል ልሞክር።

በርሜሉ አዲስ ነው። ፈታኙ ያው ነው። እኔን ሲያየኝ በርሜሉን አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ገፋው።

ኤርሚያስ ገባ። «ቁም!» ቀጥ። ሐጂ ገቡ። «ይቁሙ!» ቀጥ፤ እጃቸውንም ወደ ሰማይ አላነሡም። ፈታኙ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ወረቀቱን አየ።

ረሂማ ገባች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ቁርኣን እየቀራች ነው። መኪናዋ ፍጥነት ጨመረች። «ቁሚ!»

ጎማው ጮኸ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የበርሜል ድምፅ ጠበቅሁ። ምንም። ስከፍት መኪናዋ መስመሯ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ በርሜሉም እንደተሠራ ነው። ረሂማ በሩን ከፍታ ስትወርድ ከግራ ብብቷ አንድ ሽንኩርት ወድቆ ተንከባለለና ከፈታኙ ጫማ ሥር ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ምሳዬ ነው» አለች ረሂማ።

አለፈች። ሦስቱም አለፉ። እኔ አለቀስኩ፤ ዛሬ ግን የሽንኩርት አይደለም። አቶ ተስፋዬ እጄን ጨብጠው «ቅርንጫፉ ይቆያል። ምን ተአምር ሠራህ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። «አመሰግናለሁ» ብዬ ሚኒባስ ልሳፈር ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ሰው ተሰብስቦ ስላየኝ ልቤ ተነፋ። «ተአምር አይደለም፣ ዘዴ ነው። ላሳያችሁ» ብዬ የፈታኙ መኪና ውስጥ ገባሁ። ፈታኙ ጎኔ ተቀመጠ። ነዳሁ። «ቁም!» አለ።

አዲሱም በርሜል አሁን አሮጌ ሆኗል።

እጄን አየሁት። መሪውን ወደ ቀኝ አዙሮ ይዞታል፤ እኔ አላዘዝኩትም። ፈታኙ በዝግታ «በርሜል ሲገጭ ከዚህ መቀመጫ ሳይ ይህ ስድስተኛዬ ነው» አለ። ከመኪና ስወርድ ኤርሚያስ መሬት መሬት ያያል፣ ሐጂ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አቶ ተስፋዬ «ሙሐመድዘይን፣ አንተም ለሚቀጥለው ዙር ከተማሪዎችህ ጋር ትፈተናለህ። እስከዚያ ሌላ አሠልጣኝ ከጎንህ ይቀመጣል» አሉኝ። ፎቶ ኮፒ አላሉም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 4

ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው፣ አልጻፍኩም። አፍሬ ነው።

የረሂማ መንጃ ፈቃድ ወጣ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ፒካፗን ሽንኩርት ጭና ከግራና ተነሥታ መርሳ ላይ ቆመች፤ ጥሩምባ ነፋች። «ግባ፤ ብቻዬን እፈራለሁ» አለች። ፈርታ አይደለም። ሲሪንቃ ሳንደርስ ገባኝ። ቤት ተዘግቼ መዋሌን ሉብና ነግራት ነው።

ሽንኩርቷን ወልድያ አራገፍን፤ አንድም የበሰበሰ የለም። ስንመለስ ሰማዩ ጠርቶ፣ መስኩ አደይ ለብሶ ነበር። ረሂማ በአራተኛ ማርሽ ማዜም ጀመረች። እኔ ጋቢና፣ በቀኝ፣ በኖርኩበት ቦታ ተቀምጫለሁ። መርሳ መግቢያ ላይ የላም መንጋ በአንድ ጊዜ አስፋልቱን ሞላው።

ረሂማ ፍሬን ረገጠች። እኔም ረገጥኩ፤ እግሬ ባዶ ወለል መታ። በዚህ መኪና የእኔ ፍሬን የለም። ግራ እጄ ደግሞ ከጭኔ ላይ ተነሥቶ ወደ መሪው ሄዶ ነበር።

አልደረሰም። ከመድረሱ በፊት ፒካፗ ቆማለች፤ ቀጥ ብላ፣ በመስመሯ ላይ፣ ከመጀመሪያዋ ላም አንድ ክንድ ርቃ። ረሂማ አየር ላይ የቀረውን እጄን አየችው። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። እጄን በእጇ ይዛ መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችውና ላሞቹ እስኪያልፉ ጠበቀች።

«ቤትህ ላውርድህ ወይስ ግራና ትመጣለህ?» አለችኝ።

«ግራና» አልኳት።

ማርሽ አስገባች። ትንሽ ዘግይታ ነው ፍሪሲዮኑን የለቀቀችው፤ ፒካፗ ዘለል አለች። አየሁ። እስከ ግራና ድረስ ግን አንድም ነገር አላስተማርኳትም።